ኢየሩስ ጫኖ ላይ ስታስተረጉም

«እኔን?» አለች ኢየሩስ፣ የአቮካዶውን ፍሬ በማንኪያ ፈልፍላ ወደ ባልዲው እየወረወረች። «እኔን ከሞቀ እንቅልፌ ቀስቅሰው ለሺህ ሰው ንግግር አድርጊ ቢሉኝ ፊቴን ሳልታጠብ ነው የምጀምረው። በአማርኛ ይሁን በጋሞኛ፣ እሱን ብቻ ይምረጡ!»

ይህን የምትለው ነህምያ ለሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ነህምያ ከሰሜን ሸዋ የመጣ፣ መነጽሩ ሁልጊዜ አፍንጫው ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል ቀጭን ልጅ ሲሆን፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ወዳለው የእትዬ ጌጤ ጁስ ቤት በሳምንት ሁለት ሦስቴ እየመጣ ስፕሪስ ይጠጣል። ያን ቀን ግን አስተርጓሚ ፈልጎ ነበር የመጣው። ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ጫኖ ከገበሬ ገበሬ እየዞሩ የሚጠይቁት ነገር አለ፤ ሥራው አንድ ወር ይፈጃል። መጀመሪያ የአንድ ቀን ሙከራ ይደረጋል። ሙከራውን ያለፈ ይቀጥላል፣ የወደቀ ወደ ቤቱ።

ኢየሩስ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ጁስ ቤት ከገባች ይኸው ሦስት ዓመቷ፤ ጣቶቿ በአቮካዶ ልጣጭ ጠቁረው በሳሙናም በአመድም አልለቅ ብለዋል። ቀኑን ሙሉ «አንቺ ልጅ፣ ብርጭቆ!»፣ «አንቺ ልጅ፣ ገለባ!» ስትባል ነው የምትውለው። አስተርጓሚ ማለት ግን ቦርሳ የያዘ፣ ባጃጅ ቤቱ ድረስ የሚመጣለት፣ ካልተናገረ በቀር ሥራው ሁሉ ቀጥ የሚል ሰው ነው። ይህን አንድ ወር ለማግኘት ኢየሩስ ከአዞ ጋርም ቢሆን ትነጋገራለች።

«ጥናቱ በዋናነት የሚያተኩረው…» ብሎ ነህምያ ሊያስረዳት ሲጀምር፣

«ገባኝ፣ ገባኝ!» አለችው።

ምንም አልገባትም።

«ሰውዬው ይጨርስ እንጂ!» አሉ እትዬ ጌጤ ከጁስ መፍጫው ኋላ።

«እትዬ ደግሞ! እስኪጨርስ ድረስማ ደንቆሮም ይገባዋል።»

በማግስቱ ጠዋት ባጃጅ መጣላት። ነህምያ ታብሌቱን አቅፎ ከሾፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫው ተለጥፏል። ከኋላ ደግሞ ኢየሩስ ያልጠበቀቻት አንዲት ሴት ተቀምጣለች፦ ጠይም፣ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ ጉልበቷ ላይ ትንሽ ደብተር ያስቀመጠች።

«ስምሽ ማነው?» አለቻት ኢየሩስ ገና ሳትቀመጥ።

«ቦንቱ።»

«ውይ፣ ከወለጋ!»

«አባቴ ከዚያ ነው» አለችና ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።

ለኢየሩስ ይሄ በቃት። አርባ ምንጭ ላይ ስም ማለት መታወቂያ ነው። ቦንቱና ለሊሴ ከወለጋና ከጅማ፣ ትርሐስ ከመቀሌ፣ ዳልጮ ከዚሁ፤ ሦስት ዓመት ብርጭቆ እያጠበች ተማሪውን ሁሉ በስሙ ብቻ አገሩን ነግራዋለች። ቦንቱ የምትባል ሴት ጋሞኛ ከየት ታመጣለች? ከየትም። ስለዚህ ዛሬ እነዚህ ሁለት የተማሩ ሰዎች ያለ ኢየሩስ አፍ ዲዳ ናቸው ማለት ነው። ይህን ስታስብ ቀና ብላ ተቀመጠች።

ከከተማው እስኪወጡ እሷ አወራች። ወጥተውም እሷ አወራች። ስለ መንገዱ፣ ስለ ማንጎ ዋጋ፣ እሁድ በጸሎት ቤት ማይክ ጠፍቶ በባዶ ድምፅዋ ስለ መሰከረችው ምስክርነት። ቦንቱ «እህ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም። ጫኖ ሲቃረቡ ግን ደብተሯን ገለጠችና ገጹን ከላይ እስከ ታች በመሥመር ለሁለት ከፈለችው። ምንም አልጻፈችበትም። ከፈለችውና ከደነችው።

ኢየሩስ በዓይኗ ጥግ አየች። ቆይ፣ ታብሌቱ ያለው ነህምያ ጋ ነው፤ የሚጠይቀውም የሚመዘግበውም እሱ ነው። የማስተረጉመው እኔ። ታዲያ ይቺ ምን ልትሠራ መጣች?

ነገሩ ከልቧ ገባ።

ባጃጁ ከዋናው መንገድ ታጥፎ የመስኖው ቦይ ዳር ሲደርስ ቦንቱ አስቆመችው። ወርዳ ቦዩን ዘልቃ አየች፣ በስልኳ ፎቶ አነሳች፣ ትንሽ ራቅ ብላ ደግሞ አነሳች። ከዚያ ነህምያን ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ይሄም ካርታው ላይ የለም። ለይተህ መዝግበው» አለችው።

ካርታ! ኢየሩስ ጆሮዋ ቆመ። ባለፈው ዓመት ሁለት ጫማቸው የሚያበራ ሰዎች ጁስ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ሙሉ ካርታ ዘርግተው ነበር። ብርጭቆ ስታነሳ የሰማችው እስከ ዛሬ አልወጣላትም፦ «ውሃ የማይደርሰው፣ ባለቤቱ ያላለማው መሬት ለባለሀብት ቢሰጥ ይሻላል» ይባባሉ ነበር። የት ያለውን መሬት እንደሆነ አልሰማችም። ካርታው የነማን እንደሆነም አታውቅም። አሁን ግን ሁለትና ሁለቱን ደመረች፣ ሰባት መጣላት፣ አመነችው።

እሺ፣ ደረቅ መሬት ለቀማ ነው የመጣችሁት? አለች በልቧ። ኢየሩስን ይዛችሁ? ሥራዬንም አገኛለሁ፣ መሬቱንም አታገኙም።

የመጀመሪያው ቤት የአቶ ዳልጮ ነው። ሰባውን የዘለቁ፣ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው። እንግዶቹን ከማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጧቸውና ከማንኛውም ጥያቄ በፊት ምርቃት ጀመሩ፤ የመጣችሁበት መንገድ ይለምልም፣ የወለዷችሁ ይኑሩ፣ የምትረግጡት ይብቀል፣ ከብት ይርባ፣ ዝናብ በጊዜው ይምጣ፣ ጌታ ይባርካችሁ… እያሉ ቆዩ። ነህምያ እስኪያልቅ ጠብቆ ወደ ኢየሩስ ዞረ።

«ምን አሉ?»

«እሺ ብለዋል» አለች።

ቦንቱ ደብተሯን ገለጠች።

«የመስኖ ውሃ በስንት ጊዜ እንደሚያገኙ ጠይቂልኝ» አለ ነህምያ።

ጠየቀቻቸው። አቶ ዳልጮ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሃ? በስምንት ቀን አንዴ ነበር ተራችን» አሉ በጋሞኛ። «አሁን ሦስት ተራ አለፈን። ቦዩ ከላይ ድንጋዩ ጋ ተሰብሯል። ላዮቹ እናንተ ጠግኑት ይሉናል፣ እኛ አቅም የለንም። ሙዙን አታዪውም? የታችኛውን ማሳማ ትቼዋለሁ፤ ሣር ነው ያለው።»

ኢየሩስ አንዲት ሰከንድ አላቅማማችም።

«ውሃ ሞልቷል ይላሉ። በስምንት ቀን አንዴ፣ እንደ ሰዓት፣ ዝንፍ የለም። እንዲያውም እየበዛ ያስቸግረናል ነው የሚሉት። የታችኛው ማሳማ ሙዙ ከመጠቅጠቁ የተነሳ ሰው አይገባበትም።»

ነህምያ መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ ከፊቱ ያለውን ሙዝ አየ። «ቅጠሉ ግን የደረቀ ይመስላል።»

«ዝርያው ነው።»

«ዝርያው?»

«የጫኖ ሙዝ ቅጠሉ እንደዚህ ነው። ፍሬው ላይ ነው ጉልበቱ።»

ቦንቱ ሳል ያዛት። ወዲያው አጎንብሳ መጻፍ ጀመረች። በግራ በኩል ትንሽ ጻፈች፣ በቀኝ በኩል ብዙ ጻፈች። ኢየሩስ አንገቷን አስግጋ ልታይ ብትሞክር ደብተሩ ወደ ደረት ተጠጋ።

ትደብቃለች! አለች ኢየሩስ በልቧ።

«የመሬት ይዞታ ደብተሩ በማን ስም ነው?» አለ ነህምያ።

አቶ ዳልጮ በሞተው ወንድማቸው ስም እንደሆነ፣ እስካሁን እንዳልዞረ ተናገሩ። ኢየሩስ «በራሳቸው ስም ነው፣ ቅጂውም አለ» አለች። ልጆቻቸው ሐዋሳና ወላይታ እንደሄዱ፣ ቤት የቀረ እንደሌለ ተናገሩ። ኢየሩስ «አራት ጎረምሳ ልጆች አሏቸው፤ አሁን ማሳ ውስጥ ናቸው፣ ጠርተን እናምጣቸው ወይ ይላሉ» አለች።

«ግድ የለም፣ ይሥሩ» አለ ነህምያ።

ከዚያ ሲወጡ ኢየሩስ በራሷ ተደንቃ ነበር። ያልተዘጋጀችበትን ሁሉ አንዴም ሳትንተባተብ፣ አንዴም «እ…» ሳትል ተወጥታዋለች። ነህምያም «ጎበዝ፣ ፈጣን ነሽ» ብሏታል። አንዱ ወር ኪሷ ገባ። የቀረችው ያቺ ዝምተኛ ብቻ ናት፤ ከኋላ ከኋላ እየመጣች፣ የደረቀውን መሬት በእግሯ ጫፍ እየነካካች።

ሁለተኛው ገበሬ ዳምጤ ይባላል። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። በርጩማ አላወጣም፤ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሦስቱንም አንድ በአንድ አያቸው። ሙዝ እየጫነ ሲቀላ ስለሚመላለስ አማርኛ ጥቂት ይሰማል። ይህን ኢየሩስ አላወቀችም።

«ውሃ የለም» አለ በጋሞኛ። «ሦስት ተራ ሙሉ ጠብታ አላየንም።»

«ውሃ እንደ ልብ ነው ይላል።»

ዳምጤ ቅንድቡን አነሳ። «ልጅ፣ እኔ ያልኩት ይሄን ነው?»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። ኢየሩስ ግን ለነህምያ ፈገግታ እያሳየች፣ ጥያቄ የምትቀጥል መስላ፣ በጋሞኛ እንዲህ አለችው፦

«ጋሼ ዳምጤ፣ ፊትዎን ሳይለውጡ ይስሙኝ። እነዚህ ለጥናት አይደለም የመጡት። ያቺን ደብተር የያዘችውን አዩዋት? ያቺ ዝም ብላ ዓይኗን ብቻ እንደ አዞ ከውሃው በላይ ያወጣችውን? ዋናዋ እሷ ናት። ደረቅ መሬት እየለየች ነው። ውሃ የለም ካሉ መሬትዎ ሄደ ማለት ነው። እኔ ልመልስልዎት፣ እርስዎ ብቻ ራስዎን ይነቅንቁ።»

«ይሄን ሁሉ ምን አልሽው?» አለ ነህምያ።

«ስለ ማዳበሪያ ጥቅም እያስረዳሁት ነው።»

ቦንቱ ቀና አለች። ኢየሩስን ለትንሽ ጊዜ ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያ ተመልሳ ጻፈች። ያን አስተያየት ኢየሩስ አልወደደችውም።

ዳምጤ ራሱን አልነቀነቀም። ከአጥሩ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ወደ ጎረቤቶቹ ማሳ ዞረና ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። አንድ ሰው መጣ። ሦስት መጡ። ወዲያው ከየሙዙ ውስጥ ዶማና መቆፈሪያ የያዘ ሁሉ ብቅ ብቅ አለ፤ ዐሥራ አምስት ይሆናሉ። ዳምጤ ነገራቸው። የሁሉም ዓይን የቦንቱ ደብተር ላይ አረፈ።

«ያንን ታብሌት አምጣ» አለ አንዱ ነህምያን፣ በተሰባበረ አማርኛ።

«ምንድነው? ምን ተፈጠረ?» አለ ነህምያ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ኢየሩስ፣ ምን እያሉ ነው?»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ የባጃጁን አፍንጫ ወደ መንገዱ አዞረ።

ኢየሩስ እንዲህ አላሰበችም። እሷ ያሰበችው ዳምጤ ራሱን እንዲነቀንቅ ብቻ ነበር። «የሚሉት… እንኳን ደህና መጣችሁ ነው» አለች። ዶማውን እያየ ነህምያም አላመናትም።

ጫጫታውን የሰሙት አቶ ዳልጮ ከወዲያ ማዶ እያለከለኩ መጡ። ከማንጎው ሥር የነጩትን አንድ እፍኝ እርጥብ ሣር በሁለት እጃቸው ወደፊት ዘርግተው በሰዎቹና በእንግዶቹ መሀል ገብተው ቆሙ። ሣሩን ያየ ሁሉ ዶማውን መሬት አስነካ። ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ በቆመበት እጅ የሚያነሳ ሰው ጫኖ ላይ የለም።

«ተቀመጡ» አሉ። ተቀመጡ። ሽማግሌው ነገሩን ከዳምጤ ሰሙ። «ሰው ሲናገር ሰው ይሰማል። ነገሩን ያመጣችው ልጅ ናት፤ እሷ ትቁም።»

ኢየሩስ ቆመች።

«ለዳምጤ ያልሽውን አሁን ለሁላችንም ንገሪን። መጀመሪያ በጋሞኛ፣ ቀጥሎ ያንኑ በአማርኛ። እንግዶቹም ይስሙ፣ እኛም እንስማ። ዳምጤ አማርኛ ይሰማል፤ ልዩነት ካለ እሱ ይነግረናል።»

ኢየሩስ ወደ ዳምጤ ዞረች። ይሰማል! ዳምጤ እጁን አጣምሮ እያያት ነው። አፏን ከፈተች። በጋሞኛ ያለችውን በአማርኛ ከደገመችው ሥራው አበቃለት። በአማርኛ ያለችውን በጋሞኛ ከደገመችው እነዚህ ዶማ የያዙት «መቼ እንዲህ አልን?» ይሏታል። ሦስተኛ ነገር ፈለገች። ሁልጊዜ ሦስተኛ ነገር ይመጣላት ነበር፤ ስታወራ ስታወራ ከየት እንደሆነ ሳታውቀው ዱብ ይላል።

«እኔ…» አለች። «እኔ እንኳን…»

ጠበቋት። የሚቆርጣት ሰው የለም፣ የሚቸኩል ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም በርቺ እንደ ማለት ራሱን ነቀነቀላት። ምላሷ ግን ከላንቃዋ ተጣብቆ ቀረ።

ከኋላዋ አንድ ድምፅ፣

«አባ፣ ልናገር?» አለ። በጋሞኛ።

ኢየሩስ ዞር አለች። ቦንቱ ናት።

ጋሞኛዋ ደግሞ ኢየሩስ ሙዝና ማንጎ የምትከራከርበት የገበያ ጋሞኛ አይደለም፤ የደጋው ነው፣ ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ የሚናገሩት። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አባቴ መምህር ነበር» አለች ቦንቱ። «መምህር አጵሎስ ይባላል። ከወለጋ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ደጋ፣ ኦቾሎ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት አስተማረ። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው።»

«አጵሎስ ረጅሙ?» አለ አንዱ ከኋላ። «አማቼን ያስተማረው? ያረፈደን ተማሪ ችግኝ ውሃ አጠጣ እያለ የሚቀጣው?»

«እሱ ነው። እኔም ብዙ ችግኝ አጠጥቻለሁ።»

ሳቅ ተሰማ። ዳምጤ ግን አልሳቀም። «ደብተሩስ?» አለ።

ቦንቱ ትንሽ አሰበች። «ይህንን እንዴት አድርጌ እንደምለው ልፈልግ፣ ታገሡኝ» አለች። ማንም አላጉረመረመም። ከዚያ ቀስ እያለች፣ መሀል ላይ እየቆመች፣ የጠፋባትን ቃል አጠገቧ ያለውን ሰው እየጠየቀች ተናገረች። የተሰበሩ ቦዮች እየተመዘገቡ እንደሆነ፣ ካርታው ላይ የሌሉትም እንዲገቡ እንደምትፈልግ፣ በመጪው በጋ ውሃ የራቃቸው ሦስት ቦዮች ቀድመው እንደሚጠገኑ። መሬት የሚነካ ነገር በጥናቱ እንደሌለ። የይዞታ ደብተር የሚጠየቀውም የቦዩ ሥራ ሲጀመር ማንን ማነጋገር እንደሚገባ ለማወቅ ነው።

«ውሃ ሞልቶናል ያለ ሰው ግን» አለች፣ «መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው።»

ደብተሯን ገለጠች። «በግራ በኩል እናንተ ያላችሁት ነው። በቀኝ በኩል ልጅቷ ያለችው።» አቶ ዳልጮን አነበበችላቸው፤ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን። ስለ አራቱ ጎረምሳ ልጆች ሲሰሙ ሽማግሌው ራሳቸውን ያዙ። «ዝርያው ነው» የሚለው ጋ ስትደርስ ዳምጤ ሳይቀር ሳቀ። «አዞ» የሚለውን አላነበበችውም። ኢየሩስ ግን ገጹ ላይ አየችው፤ በግራም በቀኝም ሳይሆን ከታች ለብቻው ተጽፎ ተሰምሮበታል።

«ልጄ፣ አንቺስ የምትጨምሪው አለ?» አሏት አቶ ዳልጮ።

ኢየሩስ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ «የለም» አለች።

የቀረውን ቤት ሁሉ ቦንቱ አስተረጎመች። ዳምጤ ራሱ የተሰበረው ድንጋይ ጋ ወስዶ አሳያቸው። ኢየሩስ የነህምያን ቦርሳ ተሸክማ ከኋላ ከኋላ ሄደች። በርጩማ ሲወጣ ለሁለት ነበር የሚወጣው።

ማታ ላይ በባጃጁ ሲመለሱ እስከ ግማሽ መንገድ ዝም አለች። ከግማሽ መንገድ በኋላ ምላሷ ቀስ በቀስ ሕይወት ዘራ።

«ጋሞኛ እንደምትችዪ ለምን ደበቅሽኝ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

«ከቻልሽ ታዲያ አስተርጓሚ ምን ያደርግላችኋል?»

«አምስት ቡድን ነን። ጋሞኛ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። የዛሬ ሥራዬ አስተርጓሚ መፈተን ነበር።»

ኢየሩስ ይህን አመነዠከችው። አንዱ ወር ገና ከእጇ አልወጣም፤ እንዲህ አይነቱን ነገር ተናግራ የማታስተካክለው ሰው ገና አልተወለደም።

«ስሚ፣ እኔ እኮ ያደረግኩት ለገበሬው ብዬ ነው። መጠርጠርም ችሎታ ነው፤ ሁሉን የሚያምን ሰው ለጥናት አይሆንም። ደግሞ ልብ ብለሽ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ሲሆን አንዴም አልተደናቀፍኩም። መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ፀሐይ ነው፣ ራሴን አዙሮኝ። ከነገ ጀምሮ ያሉትን ብቻ ነው የማስተረጉመው፤ አንዲት ቃል አልጨምርም፣ አንዲት አልቀንስም። ቅር እንዳይልሽ ደግሞ ስለ አዞው፣ እሱ አባባል ነው፣ ጋሞኛ ላይ ዓይነ ጥሩ ማለት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጠብቃችሁ ወይስ ሁለት ተኩል?»

ነህምያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ባጃጁ ፍሬን ያዘ፤ አውቶቡስ ተራው ጋ ደርሰዋል።

«አትጠብቂን» አለች ቦንቱ። «ውረጂ፣ መንገድ ዘግተናል።»